ጥድፊያው ሲያልፍ ጣቶቼ ይታሰራሉ

ደብዳቤው፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍልዎት ግን የመጀመሪያዬ ነው። 38 ዓመቴ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት እንዳለብኝ ተነገረኝ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን፣ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በየቀኑ 10 ሚሊግራም ታዞልኛል። እናቴ የመርሳት ሕመም አለባት፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ትነሳለች፣ እኔም አብሬያት እነሳለሁ።

የሚገርመኝ ነገር ይኼ ነው። ሒሳብ በምንዘጋበት ሰሞን እንቅልፍ የለም፣ አለቃችን ይጮሃል፣ ምሳ እንኳ በወጉ አንበላም። እኔን ግን ምንም አይሰማኝም። ጣቶቼ ይታዘዙኛል። ሪፖርቱ ገብቶ ሰው ሁሉ «ተገላገልን» ብሎ ሲተኛ፣ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን እጄ ያብጣል። ጠዋት የሸሚዜን እጅጌ መቆለፍ ያቅተኛል። ባለፈው ባለቤቴ ሲቆልፍልኝ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

እሱ «ሥራሽን ልቀቂ፣ ይኼ አድሬናሊን የሚሉት የድንጋጤ ሆርሞን ነው የሚጨርስሽ» ይለኛል። ታላቅ እህቴ «ድሮም ነገር ስታብሰለስዪ ነው የምትውዪው፤ በሽታውን ያመጣሽው ራስሽ ነሽ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በረዶ ውስጥ የሚዘፈዘፉ ሰዎች ቪዲዮ ይልክልኛል፤ አድሬናሊን ብግነት ያጠፋል ባይ ነው። ለአንዱ መርዝ፣ ለአንዱ መድኃኒት። የቱን ልመን?

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ፕሬድኒሶሎን የኮርቲሶል ዘመድ መሆኑን አነበብኩ። ኮርቲሶል የጭንቀት ሆርሞን ከሆነ፣ ተጨንቄ ሳለሁ ጭንቀት በኪኒን መዋጥ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አይሆንም? እንዲህ ብዬ ከሦስት ሳምንት በፊት በራሴ ግማሹን ቀነስኩት። ከዚያ ወዲህ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል፣ ምግብም አያሰኘኝም። ሥራዬን እወደዋለሁ። እናቴን ለማንም አልሰጥም። እውነት በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ?

ጣቶቿ የታሰሩባት

መልስ፦

እህቴ፣ ምሕረቱን ይላክልሽ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መልሴን ግን ከመጨረሻው አንቀጽ ነው የምጀምረው፤ ሌላው ሁሉ መቆየት ይችላል፣ እሱ አይቆይም። ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ። «ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም በራሴ አወረድኩት፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ስነሳ ያዞረኛል፣ ምግብ አስጠልቶኛል» በያቸው፤ ቃል በቃል እንዲሁ። መልሰሽ መጨመሩንም ቢሆን እሳቸው በሚሉሽ መጠን አድርጊው። እንዳታፍሪ ደግሞ። መድኃኒት በራሱ የቀነሰ ሰው ሐኪም ቤት ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆነው የሚናገረው ነው።

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወሰድ አንጎል «ከውጭ እየገባልን ነው» ብሎ ኮርቲሶል ለሚያመርቱት ዕጢዎች ትእዛዝ መላኩን ይተዋል። ከኩላሊት አናት ላይ ቁጢጥ ያሉት እነዚያ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎችም ያንቀላፋሉ። ኪኒኑ በአንዴ ሲቀንስ ወዲያው አይነቁም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል። በዚያ መሀል ሰውነት ኮርቲሶል ያጥረዋል፤ ማዞር፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት የዚያ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ማስታወክ፣ ራስ መሳት ወይም ኃይለኛ ትኩሳት ከተጨመረበት ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያም መጀመሪያ ላገኘሽው ነርስ ፕሬድኒሶሎን እንደምትወስጂ ንገሪ።

ስልኩን ደውለሽ ከሆነ አሁን ረጋ ብለን እንጫወት።

ጥያቄሽ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ስሙ ነው ያሳሳተሽ። ኮርቲሶልን «የጭንቀት ሆርሞን» ማለት የእሳት አደጋ ሠራተኛን «የቃጠሎ ሰው» ብሎ እንደ መጥራት ነው፤ ቃጠሎ ባለበት ሁሉ ይገኛል፣ የሚመጣው ግን ሊያጠፋ ነው። በጭንቀት ጊዜ ኮርቲሶል ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ብግነቱ ልክ እንዳያልፍ ልጓም መያዝ ነው። ዓለም ይህን ያወቀው ደግሞ ባንቺው በሽታ ነው። በመስከረም 1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፣ አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪም በሩማቶይድ አርትራይተስ መንቀሳቀስ ላቃታት የ29 ዓመት ሴት የኮርቲሶል የቅርብ ዘመድ የሆነውን ኮርቲዞን መስጠት ጀመሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስታ መራመድ ቻለች። ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር በ1950 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። አንቺ የምትውጪው ኪኒን የዚያ መድኃኒት ቤተሰብ ነው።

ይህን ስልሽ ግን ፕሬድኒሶሎንን ለመቀነስ መፈለግሽን እየኮነንኩ አይደለም። ሐኪሞችም መቀነሱን ይፈልጉታል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ደም ግፊትም ይነካል። የሚቀነሰው ግን ቀስ በቀስ ነው፣ ዕጢዎቹ እስኪነቁ እየተጠበቀ። እንዲያውም ስታገኚያቸው ይህን ጠይቂያቸው፦ «አራት ዓመት ታክሜም ያለ 10 ሚሊግራም መዋል ካልቻልኩ፣ ዋናው መድኃኒቴ ሜቶትሬክሴት በሽታውን በደንብ ይዞታል ወይ?» በእኔ ግምት ይህ ጥያቄ ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ ከሚለው ይቀድማል።

ወደ አድሬናሊኑ ልምጣ። ባልሽም ወንድምሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ የሚያስቀምጥላችሁ ሰው ነው የጠፋው።

አለቃሽ ሲጮህ አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ወንድሙ ኖርአድሬናሊን ደግሞ በብዛት ከነርቭ ጫፎች ይፈልቃል። በደቂቃዎች ውስጥ በጣፊያና በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጠግተው የነበሩ ነጭ የደም ህዋሳት ወደ ደም ይወጣሉ፤ የሚመጣ ቁስል ካለ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እስከዚህ ያለው ለጠብ መዘጋጀት ይመስላል። ግን አድሬናሊን በእነዚሁ ህዋሳት ላይ ባለ ቤታ 2 በሚባል ተቀባይ በኩል ሌላም መልእክት ያደርሳል፦ ቲኤንኤፍ የተባለውን ብግነት ቆስቋሽ ቀንሱ፣ ኢንተርሉኪን 10 የተባለውን አብራጅ ጨምሩ። አለርጂ ጉሮሮውን የዘጋበት ሰው ጭኑ ላይ አድሬናሊን ሲወጋ እብጠቱ ጎድሎ ሲተነፍስ አይተሽ ወይም ሰምተሽ ይሆናል፤ እዚያ ደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የአየር ቧንቧ ይከፍታል፣ አለርጂውን የሚረጩትን ህዋሳትም ያስታግሳል። ስለዚህ ሒሳብ ስትዘጊ እጅሽ የሚታዘዝሽ ቅዠት ሆኖብሽ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚያ ሰሞን ቀለበትሽ ይወልቃል? ይህን የምጠይቅሽ ጥድፊያ ሕመምንም ስለሚያደነዝዝ ነው። ኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱ ተጣሞ ጨዋታውን ጨርሶ፣ ካልሲውን ሲያወልቅ ነው እብጠቱን የሚያየው። ያንቺም ጣቶች እውነት ጎድለው ነው ወይስ ጩኸታቸውን የሚሰማ ጠፍቶ? ቀለበት አይዋሽም፣ አድሬናሊንም አያታልለውም። በሚቀጥለው መዝጊያ ከጥድፊያው መሀል አንድ ማታ አውልቂው። አልወጣ ካለሽ ብግነቱ ያኔውኑ እዚያው ነበር ማለት ነው፤ ሦስተኛው ቀን ያመጣው ነገር ሳይሆን ሦስተኛው ቀን የተሰማሽ ነገር ነው።

ከወጣ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። አድሬናሊን ደም ውስጥ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ኮርቲሶልም ከፍ ካለበት በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ኢንተርሉኪን 6 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ግን ከጭንቀቱ በኋላ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው ጫፍ የሚደርሰው፤ ባለልጓሞቹ ሲወጡ እሱ ይገባል። ኖርአድሬናሊን ደግሞ መጠኑ ብዙ ሲሆን የሚያበርደውን ያህል፣ ትንሽ ሲሆን በሌላ ተቀባይ በኩል ሊቆሰቁስ ይችላል። በሩማቶይድ አርትራይተስ በተያዘ መገጣጠሚያ ውስጥ ኖርአድሬናሊን የሚያፈልቁት የነርቭ ክሮች ስለሚመናመኑ የሚደርሰው መጠን ያንሳል። አየሽው? ያው መልእክት፣ በሌላ ጆሮ ሲሰማ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ይህን የማረፊያ ቀን ወጥመድ ከድሮም ያውቁታል፦ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ሰንብተው ዕረፍት ሲገቡ ራሳቸው ይፈርሳል። በ2014 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናትም ጭንቀት ካለፈው ቀን ቀነስ ባለበት ዕለት ማይግሬን እንደሚነሳባቸው አሳይቷል።

አንድ ሌላ ጥያቄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፦ በመዝጊያው ሳምንት የሜቶትሬክሴት ቀንሽን ረስተሽው አታውቂም? ምሳ ያልበላ ሰው ኪኒን ቢረሳ አይገርመኝም። ይህ ከሆነ ሦስተኛው ቀን ላይ ግማሹ ጥፋት የአድሬናሊን አይደለም።

የወንድምሽ በረዶ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። በ2014 በኔዘርላንድስ ኔይሜኸን 24 ጤነኛ ወንዶች የባክቴሪያ ቁራጭ በደማቸው ተወጉ። ግማሾቹ አስቀድመው የአተነፋፈስ፣ የብርድና የተመስጦ ልምምድ የሠለጠኑ ነበሩ። እነዚህ አድሬናሊናቸው ከፍ አለ፣ የብግነት መልእክተኞቻቸው ከሌሎቹ ያነሱ ሆኑ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ራስ ምታቱም ቀለል አላቸው። ደስ የሚል ግኝት ነው። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ለጥቂት ሰዓት የተወጋውን መቋቋሙና አንቺ አራት ዓመት የተሸከምሽውን በሽታ መታገልሽ ለየቅል ነው። ስትነሳ የሚያዞራት ሴት ደግሞ በረዶ ውኃ ውስጥ ምን ትሠራለች? ትንፋሽ እየያዙ ውኃ ውስጥ መግባትማ ጤነኛውንም ራሱን አስቶ ያሰጥማል። ወንድምሽን አትቆጪው፤ ቪዲዮ መላክ እሱ የሚያውቀው የማሰብ መንገድ ነው። «ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልሞክርም» በይውና በዚያ ይብቃ።

አሁን ወደ እውነተኛው ጭንቀቴ ልግባ። በደብዳቤሽ ውስጥ ለሒሳብ መዝጊያው ሙሉ አንቀጽ ሰጥተሻል። ለእናትሽ ሌሊት የሰጠሽው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው። መዝጊያ ያልቃል፤ አለቃ ጮሆ ጮሆ ዝም ይላል። የእናትሽ ሌሊት ግን ዛሬም አለ፣ ነገም አለ።

ኮርቲሶል ቀንና ሌሊት አብሮን ይወጣል ይወርዳል። እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅ ይላል፣ ልንነቃ ስንል ሽቅብ ይወጣል። ባንቺ በሽታ ኢንተርሉኪን 6 ወደ ንጋት ላይ ከፍ ይላል፤ የእጅጌው ቁልፍ ማታ ሳይሆን ጠዋት የሚያቅትሽ ለዚህ ነው። ይህ ሥርዓት በየሌሊቱ ሦስቴ ሲቆራረጥ አስቢው። ኮርቲሶል ለረጅም ጊዜ ሲንቆረቆር ደግሞ ህዋሳቱ ይሰለቹታል፣ ልጓሙ ሲሳብ አንገታቸውን አይመልሱም። ካንሰር የያዛቸው ልጆች ባሏቸው ወላጆች ላይ በ2002 የታተመ ጥናት ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ብግነት አብራጁ ሆርሞን ሲጨመርባቸው የወላጆቹ ህዋሳት እንደ ሌላው ሰው አልታዘዙም። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ተመራማሪዋ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ ደግሞ የመርሳት ሕመም ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን ክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊሜትር የምታክል ትንሽ ቁስል ፈጥረው ተከታተሏቸው። በ1995 የታተመው ውጤት የአስታማሚዎቹ ቁስል ከሌሎቹ ሴቶች ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ እንደዳነ ያሳያል። ዘጠኝ ቀን፣ እህቴ፣ ከምስር ፍሬ ለማትበልጥ ቁስል።

ለዚህ ነው «ሥራሽን ልቀቂ» የሚለው ምክር የማይጥመኝ። ሥራሽን ብትለቂ ቀንሽ በምን ይሞላል? ሌሊቱ ወደ ቀን ይሰፋል እንጂ ዕረፍት አታገኚም፤ የምትወጂውን አጥተሽ የሚያደክምሽን ታበዢዋለሽ። እንዳትለቂ አልልሽም። ሁለት መዝጊያ እስኪያልፍ ግን አትወስኚ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዢ፦ ጠዋት ጣቶችሽ እስኪፍታቱ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ሌሊት ስንቴ ተነሳሽ፣ መድኃኒቱ ተወሰደ ወይስ ተረሳ፣ ቀለበቱ ወለቀ ወይስ አልወለቀ። የሒሳብ ሰው ነሽና ሰንጠረዥ መሥራት አላስተምርሽም። ሐኪምሽ ሲአርፒ የሚባለውን ብግነት የሚለካ የደም ምርመራ ሲያዝዙ ደብተሩን ከውጤቱ ጎን አስቀምጭላቸው። መዝጊያው ሲያልቅም እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወድቀሽ አትተኚ፤ ማዞሩ ሲተውሽ ሃያ ደቂቃ በእግር ሂጂ። በ2017 የታተመ ጥናት ለ20 ደቂቃ መካከለኛ እርምጃ ብቻ ቲኤንኤፍ የሚያመርቱ ህዋሳትን በ5 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ትንሽ ቁጥር ናት፤ ግን ነፃ ናት።

በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ወይ ላልሽው፦ አይደለሽም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚነሳው በዘር ከሚወረስ ዝንባሌ፣ ከሲጋራ ጭስና ከሌሎች ብዙ ነገሮች መጋጠም ነው። ሲያብሰለስሉ ኖረው መገጣጠሚያቸው ያልተነካ ስንትና ስንት አሉ፤ ነገር ዓለሙን ንቀው የኖሩ፣ ሲስቁ የታመሙም አሉ። ጭንቀት ያለውን በሽታ ሊያባብስ ይችላል። ማባባስና መውለድ ግን አንድ አይደሉም። እህትሽ ይህን የተናገረችው ምናልባት ፈርታ ነው፤ ሰው የሚወደው ሲታመም ጥፋተኛ ካገኘ መድኃኒት ያገኘ ይመስለዋል። ቢሆንም ቃሏ አቁስሎሻል፣ እሱን ልታውቀው ይገባል።

እኔ ብሆን ከእሷ ጋር አልከራከርም ነበር። ንግግሯን ይዤ እንዲህ እላት ነበር፦ «እሺ፣ ጭንቀቴ ነው ያባባሰብኝ እንበል። እንግዲያው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት እናታችንን አንቺ ያዢልኝ።» በሳምንት ሁለት ሌሊት ያልተቆረጠ እንቅልፍ። «እናቴን ለማንም አልሰጥም» ብለሻል፤ መስጠት አይደለም እኮ፣ የእህትሽም እናት ናት። እህትሽ ካልቻለች ወንድምሽ አለ። ቪዲዮ የሚልክበት እጁ ነቅቶ ውኃ ማቀበልም አያቅተውም።

የቀረው ባለቤትሽ ነው። እጅጌሽን ሲቆልፍልሽ ዓይኑን ያላየሽው አፍረሽ ነው ወይስ የኪኒኑን ነገር ደብቀሽው? ሁለተኛው ከሆነ ዛሬ ማታ ንገሪው። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ «ፈርቼ መድኃኒቴን ቀነስኩ፣ ሐኪሜ ጋ ደውያለሁ፣ ቀጠሮው ላይ አብረኸኝ ግባ» ብትይው ይበቃል። አድሬናሊን ይጨርስሻል ብሎ የሚጨነቅ ሰው፣ ሐኪምሽ ፊት ተቀምጦ ራሱ ቢጠይቅ እሱም ያርፋል።

ሐኪምሽ ያሉሽን ጻፊልኝ። ቀለበቱ ወልቆ እንደነበረም አልወለቀ እንደነበረም እንዳትረሺ፤ እሱን ለማወቅ ጓጉቻለሁ።